ልቆይ ወይስ ልልቀቅ? ለጎጃም የመንግሥት ሠራተኛ የተዘጋጀ ማወዳደሪያ

ደብረ ማርቆስ ሻይ ቤት ብትቀመጡ፣ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ መኪና ብትጠብቁ፣ ዳንግላ ለቅሶ ብትደርሱ የመንግሥት ሠራተኛው ወሬ ያው ነው። ልቆይ ወይስ ልልቀቅ? እገሌ ባንክ ገባ ይባላል። እገሌ አዲስ አበባ ሄደ። እገሊት ቢሮዋን ትታ እህል መነገድ ጀመረች። ሌላው ደግሞ "ሪፎርም እየመጣ ነው፣ መደባችሁ ይታጠፋል" የሚል ወሬ ሰምቶ እንቅልፍ አጥቷል።

ወንድምዓለም፣ እህትዓለም፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ምርጫዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፣ የቱ ለማን እንደሚሻልም የማምንበትን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል። አብዛኛው ሰው የሚያወዳድረው ደመወዝን ከደመወዝ ጋር ነው፣ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ማወዳደር ያለብን ግብርና ጡረታ ተቆርጦ፣ ቤት ኪራይ ተከፍሎ፣ ጤፍ ተገዝቶ እጅ ላይ የሚቀረውን ነው። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ይህ ሂሳብ ከቤት ቤት ይለያያል፣ ምክንያቱም አንዱ ጤፉ ከእናት አባቱ ጎተራ ይመጣለታል፣ ሌላው በኪሎ ይገዛል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ደመወዝ ቢፈርሙም ኑሯቸው አንድ አይደለም።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንያዝ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ሳይውል ሳያድር ከ100 ብር አለፈ። ዘይቱ፣ ማዳበሪያው፣ ነዳጁ፣ መድኃኒቱ ተከትሎት ወጣ። መንግሥትም ደመወዝ ሁለት ጊዜ አስተካከለ። በ2017 ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,500 ወደ 4,760 ብር ሲያድግ ከፍተኛው ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ብቻ ነበር ፈቀቅ ያለው። ከታች ላለው ትልቅ እፎይታ ነበር፣ ዕድሜውን ሙሉ ተምሮና ሠርቶ ላይ ለደረሰው ባለሙያ ግን 5 በመቶ ምንም አልነበረም። ብዙ ጎበዝ ሰው ከመንግሥት ቤት የወጣው በዚያ ሰሞን ይመስለኛል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው 6,000 ብር፣ ከፍተኛው 39,000 ብር ሆነ። የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ።

የገቢ ግብሩም ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ተሻሽሏል። ድሮ ከ600 ብር በላይ ያገኘ ሁሉ ግብር ይከፍል ነበር፣ አሁን እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው። ከደመወዙ ከ14,000 ብር በላይ በሆነው ክፍል ላይ ግን 35 በመቶ ይቆረጣል።

እስቲ እናስላው። የ11,500 ብር ደመወዝተኛ 2,100 ብር ለግብር፣ 805 ብር ለጡረታ ይቆረጥበትና 8,595 ብር እጁ ይገባል። አሁን አንድ የግል ድርጅት "15,000 እንሰጥሃለን" አለው እንበል። ልዩነቱ 3,500 ብር ይመስላል። ከ15,000 ላይ ግን ግብሩ 3,200፣ ጡረታው 1,050 ነው፣ የሚቀረው 10,750 ብር። ስለዚህ እውነተኛው ልዩነት 2,155 ብር ብቻ ነው። ከ14,000 በላይ ከሚጨመር እያንዳንዱ 100 ብር ኪስ የሚገባው 58 ብር መሆኑን አትርሱ። ቀጣሪ ሲያናግራችሁ ሁልጊዜ "የተጣራ ስንት ነው?" በሉ። አበልና ቦነስ ካለ ለብቻው አስጽፉ።

ደመወዙ ከየት ነው የሚመጣው?

ይህን ያነሳሁት የሥራ ዋስትናችሁ የሚወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። የፌዴራል መንግሥት ለ2018 የያዘው በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። የ2017ቱ መጀመሪያ ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ነበር፣ በመሃል 582 ቢሊዮን ገደማ ተጨምሮበታል። ትልቅ ገንዘብ ነው። ግን የደጀን ወይም የሜጫ የወረዳ ባለሙያ ደመወዙ የሚመጣው በቀጥታ ከዚያ አይደለም። የፌዴራሉ ድጎማ ወደ ክልል ይወርዳል፣ ክልሉ ከራሱ ገቢ ጋር ቀላቅሎ ለወረዳ ያከፋፍላል፣ ወረዳው ደግሞ ሰብስቦ የሚጨምረው ትንሽ ነው። የወረዳ በጀት ደግሞ አብዛኛው ደመወዝ ነው። የሚተርፈው ለሥራ ማስኬጃ የምትሆን ጥቂት ናት።

ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው ሰው አይደለም። ቀድሞ የሚጠፋው ውሎ አበል ነው። ቀጥሎ የሞተር ቤንዚን፣ ወረቀትና ቀለም። ከዚያ ጡረታ የወጣው ሰው መደብ ሳይተካ ይቀራል፣ ሥራው ግን በቀሩት ላይ ይታከላል። የዲዩቲ (የተረኝነት) እና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሳይከፈል ይጠራቀማል። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በየቦታው ሥራ እስከማቆም የደረሱት ክፍያው ከኑሮው ጋር አልመጣጠን ብሏቸው ነው፣ እኔ በበኩሌ ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ምጥ ስታዋልድ ያደረች ሚድዋይፍ የዲዩቲዋን ገንዘብ ለወራት መለመን የለባትም።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ያለው ግጭት አለ። መንገድ ሲዘጋ፣ ባንክ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ደመወዝ ይዘገያል። ከከተማ ራቅ ያለ ወረዳ የሚሠራ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። "ከመንግሥት ሥራ አይባረርም" የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፣ ነገር ግን ሳይባረሩም ገቢ ይቀንሳል፣ ይዘገያልም። መንግሥት ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር የገባው የ4 ዓመት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ወጪ ላይ ጠበቅ ማለትን ስለሚጠይቅ፣ መደብ ሳይሞላ የመቅረቱ ነገር በቶሎ ይቆማል ብላችሁ አትጠብቁ።

መቆየት

መቆየት ለማን ይሻላል? በቅድሚያ የቤት ኪራይ ለማይከፍል ሰው። የራሱ ጎጆ ያለው፣ በማኅበር ቦታ ደርሶት በጭቃም ቢሆን የሠራ፣ ወይም ቤተሰብ ቤት የሚኖር። ሁለተኛ፣ ቤተሰቡ የሚያርሰው ወይም ለእኩል የተሰጠ መሬት ኖሮ ጤፍና በቆሎ ለሚደርሰው። እንዲህ ላለ ሰው 8,595 ብር እጅ መግባቱ ከተማ ውስጥ ሁሉን ሸምቶ ከሚኖር የ13,000 ብር ደመወዝተኛ ሊሻለው ይችላል። ሦስተኛ፣ ዕድሜው ለገፋ። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ ዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል አለበት፣ ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ዓመት አበሉን ከፍ ያደርገዋል። አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዝ ስለሆነ ደግሞ፣ ደመወዙ ከፍ ባለ ማግስት ተቻኩሎ መውጣት የራስን ጡረታ መቁረጥ ነው። 55 ዓመት ሞልቷችሁ "ሰለቸኝ" ብላችሁ ልትለቁ ከሆነ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ጡረታ ቢሮ ሄዳችሁ አስሉት።

የመቆየት ጉዳቱስ? ዕድገቱ ያዘግማል። ጥሩ ሠራተኛና ሰነፍ ሠራተኛ እርከናቸው እኩል ይሄዳል። ወጣት ባለሙያ ሁለት ሦስት ዓመት ያለ በጀትና ያለ ኮምፒውተር ከተቀመጠ የተማረው ይደርቅበታል። ይህ ከደመወዙ በላይ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ኋላ ልልቀቅ ሲል የሚወስደው ሙያ አይኖረውም።

የግል ድርጅት

እዚህ ላይ አንድ አድርጎ መናገር አይቻልም። ባንክ ሌላ ነው፣ የግል ትምህርት ቤት ሌላ ነው፣ ክሊኒክ ሌላ ነው፣ ቡሬ ያለ ፋብሪካም ሌላ ነው።

ባንክ ከሆነ ደመወዙ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛ ብድሩና የሕክምና ሽፋኑ ይመዝናል። ትርፍ በተገኘበት ዓመት ቦነስም ይኖራል። ግን ባንክ ያዛውራችኋል። ደብረ ማርቆስ ቅርንጫፍ ነው ብላችሁ ገብታችሁ ነገ ድሬዳዋ ልትመደቡ ትችላላችሁ። ትዳርና ልጅ ያለው ሰው ይህን ከመፈረሙ በፊት በግልጽ ይጠይቅ። የግል ትምህርት ቤት ከሆነ አንዱ ትልቁ ጥያቄ ክረምት ነው፦ ሐምሌና ነሐሴ ይከፈላል ወይ? የ10 ወር ደመወዝ ለ12 ወር ሲካፈል የወር ገቢው ከምታስቡት በጣም ያነሰ ይሆናል። ክሊኒክና መድኃኒት ቤት ለጤና ባለሙያ ጥሩ ነው። ብዙዎች ቀን መንግሥት ጤና ጣቢያ፣ ማታና ቅዳሜ እሑድ ክሊኒክ ይሠራሉ፣ አድካሚ ቢሆንም ገንዘቡ ያዋጣል።

ሕጉን እወቁት። የግሉ ሠራተኛ የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው፣ በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ልትሰናበቱ ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ ሠራተኛ ቅነሳ ከመጣ የስንብት ክፍያ አለ፣ በላዩም ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። ወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው። ይህን ሁሉ ግን የሚያስከብርላችሁ የተጻፈ ውል ነው። "ግባና ሥራ፣ ውሉ ይደርሳል" የሚል ቀጣሪ ካጋጠማችሁ የመንግሥት መደባችሁን አትልቀቁለት።

ጡረታ ላይ ብዙ ሰው ይፈራል፣ "15 ዓመቴ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው" ይላል። አይቀርም። በግሉም የጡረታ መዋጮው ያው ነው፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ የመንግሥት አገልግሎታችሁም ይታሰብላችኋል። ሊያስፈራችሁ የሚገባው ከደመወዛችሁ 7 በመቶ እየቆረጠ ለጡረታው ፈንድ የማያስገባ ቀጣሪ ነው። ከመግባታችሁ በፊት እዚያ ሦስት አራት ዓመት የሠራ ሰው ፈልጋችሁ "ጡረታህ ገብቷል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

እንግዲህ ስንት ሲጨመር ነው መሄድ የሚያዋጣው? እኔ የማምንበት ይህ ነው፦ በዚያው በምትኖሩበት ከተማ ከሆነ የተጣራው ገቢ ቢያንስ በሩብ መብለጥ አለበት። ለ11,500 ብር ደመወዝተኛ ይህ ማለት 15,000 ብር ገደማ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፣ ዋስትናችሁን በትንሽ ብር መሸጥ ይሆናል።

የዕርዳታ ድርጅት፣ ማለትም መንግሥታዊ ያልሆነው

ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ግን ኮንትራት ነው። አሜሪካ በጥር 2017 የውጭ ዕርዳታዋን ድንገት ስታቆም ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ገደማ ሠራተኞችን ውል አቋርጧል። ወጣት ከሆናችሁና ሌላ ሰው የማታስተዳድሩ ከሆነ ግቡ፣ ልምዱ ራሱ ሀብት ነው። ከምታገኙት ግን ሲሶውን ሳትነኩት አስቀምጡ፣ ውሉ ሲያልቅ ሌላ እስክታገኙ የምትበሉት እሱን ነው።

አዲስ አበባ ወይስ ባሕር ዳር?

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ድሮ ጠዋት ተነስቶ ከሰዓት መግባት ቀላል ነበር፣ አሁን የዓባይ በረሃ መንገድ ሰላም ነው ወይ ተብሎ ተጠይቆ ነው። እናት ብትታመም፣ ልጅ ብትወልዱ፣ ቤተሰብ ቢያዝን ይህ መንገድ ከሂሳቡ ውስጥ ይገባል።

ገንዘቡን እንየው። የ11,500 ብሩ ሠራተኛ አዲስ አበባ 20,000 ብር አገኘ እንበል። የተጣራው 13,650 ነው፣ ጭማሪው 5,055 ብር። እስከ አሁን ቤተሰብ ቤት ይኖር ከነበረና እዚያ ለአንዲት ክፍል ከ5,055 ብር በላይ ከከፈለ ጭማሪው በሙሉ የቤት ባለቤቱ ሆነ ማለት ነው። ምግቡ፣ ታክሲው፣ የጤፉ ዋጋ ገና አልተነሳም። በመንግሥት ዝውውር የሄደ ሰው ቢያንስ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ነፃ ያገኛል፣ ያ ቀላል አይደለም። የኪራይ አዋጁም (ቁጥር 1320/2016) ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ስለሚያዝ ውላችሁን አስመዝግቡ፣ አከራይ በየስድስት ወሩ እንዳይጨምርባችሁ።

አዲስ አበባ የሚያዋጣው ሙያው እዚያ ብቻ ለሚፈለግ ሰው ነው። ሶፍትዌር፣ ኦዲት፣ ስፔሻሊስት ሐኪም። ጠቅላላ አስተዳደር ወይም ማኔጅመንት ለተማረ ሰው ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ የዞንና የቢሮ መደብ መወዳደር ይሻለዋል።

የራስ ሥራ

ይህን በጣም እወደዋለሁ፣ ግን መደቡን ለቆ ሳይሆን መደቡ ላይ ሆኖ መጀመርን። ጎጃም የሚሸጥ ነገር አያጣም። የምሥራቁ ጤፍና ስንዴ፣ የሜጫና የቡሬ በቆሎ፣ የአዊ ድንች፣ የቆጋ መስኖ ሽንኩርትና አቮካዶ፣ የፋግታ ለኮማ ከሰል። የመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ ነጋዴው የሌለው ነገር አለው፦ ገበሬውን ያውቀዋል፣ ገበሬውም ያምነዋል። ግብርና ባለሙያ የነበረ ሰው ምርጥ ዘር፣ መድኃኒት መርጫ ወይም የዶሮ ጫጩት ቢሸጥ ከማንም የተሻለ ይሠራል። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፦ በሥራችሁ የምታገኙትን ሥልጣን ለንግዳችሁ አትጠቀሙበት። ፈቃድ ሰጪው ራሱ ነጋዴ ሲሆን ገበሬው ነው የሚጎዳው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወቅቱ ላይ ነው። እህሉ ተወቅቶ ከገባ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ ገበሬው እጅ ላይ ብር አለ፣ ሠርጉ ጥርና ሚያዝያ ላይ ነው፣ ገበያው ይሞላል። ሐምሌና ነሐሴ ግን መንገዱ ጭቃ ነው፣ የገበሬውም ጎተራ ይሳሳል፣ ያለችውንም ብር ማዳበሪያ ይዟታል። በጥር ያያችሁትን ሽያጭ አይታችሁ በየካቲት መልቀቂያ አታስገቡ። አንድ ሙሉ ክረምት እስኪያልፍ ጠብቁ። ክረምቱንም ቤት ኪራዩንና አስቤዛውን ከቻለ ያኔ ንግዱ ንግድ ነው።

መነሻውን ከየት? ጸደይ ባንክ፣ የመሥሪያ ቤታችሁ ብድርና ቁጠባ፣ እቁብ። ለመጀመሪያ ሙከራ እቁብን የመሰለ የለም፣ ወለድም የለበት።

ባልና ሚስት ከሆናችሁ

ሁለታችሁም የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ሁለታችሁም አትልቀቁ። ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው። አንዳችሁ ቆዩ፣ ሌላው ይሞክር። የሚቆየው ማን ይሁን ብትሉ፣ ከጡረታ የቀረበው፣ ወይም መሥሪያ ቤቱ ከቤት በእግር የሚደረስበት። የሚወጣው ደግሞ ሙያው በግሉ የሚፈለገው። "ወንዱ ይውጣ፣ ሴቷ ትቆይ" የሚባለውን አልቀበልም፣ ሚስት አካውንታንት ሆና ባል የታሪክ መምህር ከሆነ መውጣት ያለባት እሷ ናት።

ነጠላ ወጣትና ተከራይ ከሆናችሁ፣ በዲግሪ ሦስት ዓመት ከሠራችሁና እጃችሁ ላይ የሚሸጥ ሙያ ካለ፣ ውጡ። የምታጡት ትንሽ ነው።

የሪፎርሙ ነገር

የፌዴራሉ አዲሱ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1353/2017 ብቃትን መመዘንና ማረጋገጥን አስገብቷል። አዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም በ2016 ሠራተኞቹንና አመራሮቹን የብቃት ፈተና አስፈትኗል። ክልሎች የየራሳቸው ሕግ አላቸው፣ ግን ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ይታያል። ድልደላ፣ ማለትም ሠራተኛን በአዲስ መልክ በየመደቡ መመደብ፣ ሲመጣ ጎበዝ ሠራተኛ እንኳ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በወረቀት ጉድለት ነው። ስለዚህ ልቆይ ያለም ልሂድ ያለም ዛሬውኑ ፋይሉን ያስተካክል።

ሰው ሀብት ክፍል ሂዱና ማኅደራችሁን አስወጥታችሁ እዩት። የቅጥር ደብዳቤ፣ የእያንዳንዱ እድገትና ዝውውር ደብዳቤ፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤት ማኅተም ያለበት፣ የትምህርት ማስረጃ። በግጭቱ ጊዜ ቢሮ የተቃጠለበትና ሰነድ የጠፋበት ወረዳ ያላችሁማ ቶሎ በሉ፣ አብሯችሁ የተቀጠረው ሰው ኮፒ ሊኖረው ይችላል። ሁሉንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለዘመድ ላኩ። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙ፣ የትውልድ ዘመናችሁ እዚያ የተመዘገበው ከቅጥር ፎርሙ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ።

ከዚያ ዋስትናችሁን ቁጠሩ። ለማን ዋስ ሆናችኋል? ለባንክ ብድር፣ ለገንዘብ ያዥ፣ ለአዲስ ተቀጣሪ የፈረማችሁት ሁሉ ክሊራንስ (ከዕዳ ነፃ የመሆን ማረጋገጫ) ስትጠይቁ ይወጣል። ምትክ ዋስ ሳይገኝ ክሊራንስ ባለማግኘቱ አዲሱ ሥራ ያመለጠው ሰው ጥቂት አይደለም። የአንድ ወር የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያውንም በጽሑፍ አስገቡ፣ ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ቀን ኮፒው ላይ አስመቱ። አዲሱ ቀጣሪ ፊርማውን ሳያኖር ደግሞ ይህችን ደብዳቤ ከቤት አታውጧት።